«በሐዘንህ እርዳኝ» ምን ማለት ነው? የምኒልክን የክተት አዋጅ ቃል በቃል እንፍታ

ሰንደዶ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ያለሁት ቨርጂኒያ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚሁ ለተወለዱ ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። ለዐድዋ በዓል ብለን ዳግማዊ አጼ ምኒልክ መስከረም 7 ቀን 1888 ዓ.ም. ያስነገሩትን የክተት አዋጅ እያነበብን ነው። «ጉልበት ያለህ በጉልበትህ እርዳኝ» እስኪል ድረስ ሰተት ብለን ሄድን። «ጉልበት የሌለህ ለልጅህ፣ ለምሽትህ፣ ለሃይማኖትህ ስትል በሐዘንህ እርዳኝ» የሚለው ላይ ስንደርስ ግን አንዷ ልጅ «ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ በማዘን ንጉሥን እንዴት ይረዳል?» ብላ ያዘችኝ። ጸሎት ማለት ነው እንዳልላት፣ ጸሎት ከሆነ ለምን «በጸሎትህ» አላሉም? ቀጥሎ ደግሞ «ወስልተህ የቀረህ» ይላል፤ እዚህ ጋ ትልልቆቹ ልጆች ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። እነሱ የሚያውቁት ወስላታ በሚስቱ ላይ የሚማግጠውን ነው። እባካችሁ አዋቂዎች፣ አፍታቱልኝ።

ዋርካ ሥር፦
ሐዘን እዚህ ጋ ጸሎት ነው፤ የሚያከራክር የለውም። የድሮ አማርኛ ነው።

ብራና፦
ወንድሜ ዋርካ፣ «የድሮ አማርኛ ነው» መልስ አይሆንም። የድሮውም ሰው ጸሎት የሚል ቃል አላጣም።

ሐዘን በዚያ ዘመን ሰው አፍ የሚሠሩት ነገር ነው። ቅሪቱ ዛሬም አለ፤ «ሐዘን ተቀመጠች»፣ «ሐዘን ደርሼ መጣሁ» እንላለን። አገር ላይ መዓት ሲወርድ ደግሞ ሕዝቡ ምሕላ ይይዛል፣ እግዚኦታ ያደርሳል፤ ማቅ ለብሶ፣ ጾሞ፣ ግንባሩን መሬት ላይ ደፍቶ ያለቅሳል። የነነዌ ሰዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው። ጸሎት የምስጋናም ሊሆን ይችላል፤ ሰው በየማለዳው የሚያደርሰው ነው። «በሐዘንህ» ሲሉ ግን «ጭንቄን ጭንቅህ አድርገህ፣ እንደ ሞተበት ሰው ሆነህ ፈጣሪህ ፊት ቁምልኝ» ማለታቸው ነው። ስለዚህ ለልጅቷ ሐዘን ማለት ቁጭ ማለት እንዳልሆነ፣ ጉልበቱ ያለቀበት ሰው የሚያዋጣው መዋጮ እንደሆነ ንገሪያት።

እኔን ከሐዘን ይልቅ የሚገርመኝ ግሡ ነው። ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ሁለቱንም ጊዜ «እርዳኝ» ነው። «ዝመት» አይደለም፣ «ተነሥ» አይደለም። ያን ያህል ግዛት ያለው ንጉሠ ነገሥት የባላገሩን ሰው «እርዳኝ» ይለዋል። ዛቻው ቆይቶ ነው የሚመጣው፣ እሱም ለወስላታው ብቻ ነው።

አለላ፦
ጋሼ ብራና፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ «ምሽት» ላይ ልጨምር። ልጆቹ «ማታ» እንዳይመስላቸው። ምሽት ሚስት ናት፤ ወሎ አያቴ «የእገሌ ምሽት» እያለች ነው ያረጀችው። ግዕዙ ብእሲት ነው፤ ከዚያ ነው ሚስትም ምሽትም የወጡት።

ግን አንድ ነገር ሆዴን ይቆርጠኛል። አዋጁ ከላይ እስከ ታች «አንተ» ነው። «ለምሽትህ ስትል» ይላል፤ ምሽትዋ ራሷ የተጠራችበት ቦታ የለም። ምሽቶቹ ግን ዘምተዋል። እቴጌ ጣይቱ የራሳቸውን ጦር ይዘው ነው የሄዱት፤ ስንቁም፣ ምጣዱም፣ ውኃ ማቀበሉም የሴቶች ነበር።

ብራና፦
ልክ ነሽ አለላ። የአዋጅ አማርኛ እንደዚያ ነው፤ «አንተ» ሲል አባወራውን ይዞ ቤቱን ሁሉ ይጠራል፣ ተጠሪው ግን ወንዱ ነው። በቃሉ ካልተጠሩት ውስጥ ግን ነገሩን ቀድመው የጨረሱት እቴጌይቱ ናቸው። በ1883 ዓ.ም. የኢጣልያው መልእክተኛ ኮንት አንቶኔሊ የውጫሌውን ውል ሊያግባባ መጥቶ «ኢጣልያ ተሳስቼ ነበር ብላ ለሌሎች መንግሥታት መናገር አትችልም፣ ክብሯ ይነካል» ሲል፣ እቴጌይቱ «እኛም ክብራችንን መጠበቅ አለብን» ብለው ነው የመለሱለት። «እኔ ሴት ነኝ፣ ጦርነት አልወድም፤ ይህን ከመቀበል ግን ጦርነትን እመርጣለሁ» ያሉትም ለሱ ነው። ይህን አባባል ሰው የጀግና ፉከራ አድርጎ ይጠቅሰዋል። ፉከራ ቢሆን «ጦርነት አልወድም» አይባልበትም። ፉካሪ ጦርነት እወዳለሁ ነው የሚል። ቃሉን ከባድ ያደረገው መጀመሪያ አለመውደዷን መናገሯ ነው።

ደፋር ብዕር፦
ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይህ ሁሉ ውዳሴ ትንሽ በዝቷል። እኔ አዋጁ ውስጥ የሚታየኝ መዘግየት ነው። «እስካሁን ብታገስም» ይላል። ከውጫሌው ውል ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ ምን ይጠብቅ ነበር? ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ጣልያን ዐዲግራት ገብቶ ምሽግ እስኪሠራ መታገሥ ምን የሚሉት አመራር ነው? የአገር መሪ ጠላት ሲደፍረው ወዲያው ካልመለሰ፣ ትዕግሥቱ ፍርሃት ተብሎ ነው የሚተረጎመው።

ብራና፦
በሳይቃጠል በቅጠል ከመጣህማ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚልም አለ፤ ተረት በተረት ተያይዘን እናመሻለን። ይልቅ ዓረፍተ ነገሩን ሙሉውን እናምጣው፦ «እኔም ያገሬን ሰውና የከብቱን ማለቅ፣ የሰውንም መድከም አይቼ እስካሁን ብታገስም እያለፈ እንደ ፍልፈል መሬት ይቆፍር ጀመር»።

«የከብቱን ማለቅ» የሚለው ለማሳመሪያ የገባ አይደለም። ሰሚው ሁሉ ያውቀዋል። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ጠራርጎ ፈጀው። በሬ ከሌለ እርሻ የለም፤ እርሻ ከሌለ እህል የለም። እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀውን ያን ጊዜ ሕዝቡ «ክፉ ቀን» ብሎ ነው የጠራው። ንጉሡ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረው ያሳዩት፣ መኳንንቱም እንዲቆፍር ያደረጉት ያን ጊዜ ነው። ምን በልቶ፣ በምን ጭኖ ሊዘምት ነበር? ጦር የሚሄደው በስንቅ ነው።

እስቲ ደግሞ ስድስቱን ዓመት ቁጠርልኝ። ውሉ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ ተፈረመ። በ1882 መጀመሪያ ኢጣልያ «ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት» ብላ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። በዚያው ዓመት ምኒልክ ስለ ንግሥናቸው ለእንግሊዝና ለጀርመን ጽፈው መልሱ «በኢጣልያ በኩል» የሚል ሆኖ ሲመጣ ተንኮሉ ተገለጠ። ለኢጣልያው ንጉሥ ለኡምቤርቶ ጻፉ። በ1883 የአገራቸውን ወሰን ዘርዝረው ለአውሮፓ ነገሥታት ሁሉ ላኩ፤ ከሩቅ የመጡ መንግሥታት አፍሪካን ሲካፈሉ ዝም ብዬ አላይም ያሉት በዚያ ደብዳቤ ነው። በ1885 ውሉን ማፍረሳቸውን በጽሑፍ አስታወቁ። ጦሩ የተንቀሳቀሰው በ1888 ነው። ይህ ሁሉ በመካከል እያለ መሣሪያም ይገዛ ነበር። እንግዲህ «ብታገስም» ስትል ይህን ሁሉ ጨምረህ አንብበው። ታገሠ ማለት ዝም አለ ማለት አይደለም፤ እያወቀ፣ እየጻፈ፣ እየተዘጋጀ ቆየ ማለት ነው።

ደፋር ብዕር፦
መቀሌስ? የምሽጉን የጣልያን አዛዥ ጋሊያኖን ከነወታደሩ፣ ከነመሣሪያው በሰላም ሂድ ብለው ሲለቁት ያም ትዕግሥት ነው? ዐድዋ ላይ ተመልሶ መጥቶ አልተዋጋም?

ብራና፦
መጥቶ ተዋግቷል፤ እዚያው ሞቷል። ያ ውሳኔ ያን ጊዜም መኳንንቱን አላስደሰተም፤ የአንተ ቅሬታ ብቻውን አይደለም። ምንጩ ከተያዘበት በኋላ በውኃ ጥም እጁን ሊሰጥ የቀረበን ምሽግ መልቀቅ ይከብዳል። እኔ ግን ኅዳር 28 አምባላጌ ላይ የጣልያኑ አዛዥ ቶዜሊ ከተደመሰሰ በኋላ እንኳ ንጉሡ የዕርቅ በር አለመዝጋታቸውን ከአዋጁ ጋር አብሬ ነው የማነብበው። «ብታገስም» ያለ ሰው በድል መካከልም ይታገሣል። ሞኝነት ነው ካልክም መብትህ ነው፤ የምንከራከረው በታሪክ እንጂ በቃል አይሆንም።

ዋርካ ሥር፦
ፍልፈሉስ? እኔ ሁልጊዜ ስድብ ነበር የሚመስለኝ። እንደ «አይጥ» ዓይነት።

አለላ፦
ስድብም አለበት፤ ግን ገበሬ የሆነ ሰው ፍልፈልን በስድብ ብቻ አይሰማውም። ፍልፈል አይታይም። ማሳህ ላይ ቆመህ ከሥርህ ነው ያለው። የምታየው የተቆለለውን አፈር ነው፤ ተክሉ ሲደርቅ ነቅለህ ስታየው ሥሩ ተበልቷል። ጣልያንም መጀመሪያ ምጽዋን፣ ቀጥሎ ደጋውን፣ ከዚያ መረብን ተሻግሮ ዐዲግራትን እያለ ነው የመጣው። በየደረሰበት ደግሞ ቃል በቃል እየቆፈረ ምሽግ ይሠራል። ሰሚው ሁለቱንም ይሰማል።

ብራና፦
ግሩም አድርገሽ አስቀመጥሽው። «እያለፈ» የምትለዋንም አትርሷት። «አልፎ» አላሉም፣ «እያለፈ» ነው ያሉት። አንድ ጊዜ የሆነ ድፍረት አይደለም፤ ዝም ሲሉት የሚቀጥል ነው። ዛሬ ዜና ላይ «ትንኮሳ»፣ «ጠብ አጫሪነት»፣ «ወረራ» እየተባለ እንደ አንድ ነገር ይደባለቃል። ትንኮሳ መነካካት ነው፤ የሚፈልገው እንድትቆጣ ነው። ጠብ መጫር እሳት መለኮስ ነው። ወረራ ገብቶ መያዝ ነው። መሪ በትንኮሳ ላይ የወረራ መልስ ከሰጠ ተንኳሹ የፈለገውን አገኘ፤ በወረራ ላይ የትንኮሳ መልስ ከሰጠ አገሩን አጣ። አዋጁ ጠላት አገር የሚያጠፋ፣ ሃይማኖት የሚለውጥ መሆኑን ይናገርና አልፎ መጥቶ መቆፈር መጀመሩን ያስከትላል። ስሙን በደረጃው ጠርቶታል።

ሰንደዶ፦
ውይ፣ ምን ያህል ነገር አገኘሁ! ጋሼ ብራና፣ የውጫሌው 17ኛ አንቀጽ ላይ ያለውን «ይቻላቸዋል» ልጆቹ ደጋግመው ይጠይቁኛል። አንድ ግሥ እንዴት ጦርነት ያመጣል ይሉኛል።

ብራና፦
ግሡ ጦርነት አላመጣም፤ ጣልያን አገር ልትይዝ ፈልጋ ነው። ግሡ ምክንያት ሆነ። ቢሆንም ነገሩ ለቋንቋ ሰው ይጣፍጣል።

አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት «መላላክ ይቻላቸዋል» ይላል። ይቻላል ማለት በሩ ክፍት ነው፤ ብትፈልግ ግባ፣ ባትፈልግ ተው። «ይገባቸዋል» ቢል ግዴታ ይሆን ነበር። ጣልያንኛው ደግሞ በኢጣልያ መንግሥት ለመጠቀም «ተስማምተዋል» ወይም «እሺ ብለዋል» ወደሚለው የሚጠጋ ግሥ ነው። ብዙ ሰው ጣልያንኛው በግልጽ «ግድ ነው» ይላል ብሎ ያስተምራል፤ እንደዚያ አይደለም። ጮሌነቱ እዚያ ላይ ነው። እሺ ያለ ሰው ቃሉን ሰጥቷል፤ ቃሉን የሰጠ ሰው ደግሞ ግዴታ ገብቷል ተብሎ ይያዛል። ሁለቱም ጽሑፍ ትክክለኛ ነው ተብሎ ተፈርሟል፤ በአስተርጓሚነት መሐል የነበረው ግራዝማች ዮሴፍ ንጉሤ ነው።

ምኒልክ በዚህ ጊዜ ሁለት ነገር ማድረግ ይችሉ ነበር። አንደኛው «አላየሁም» ብሎ በአማርኛው መጓዝ ነው። ብዙ መሪ ይህን ያደርገዋል፤ ይቀላላ! እሳቸው ግን በቃሉ ተሟገቱ፤ ሙግቱ ሳይሳካ ሲቀር ውሉን ራሱን በሥርዓቱ አፈረሱት። የ1888ቱ አዋጅ ላይ ስለ 17ኛው አንቀጽ አንዲት ቃል እንደሌለ ልብ በሉ። ለነገሥታት የሚነገረው ለነገሥታት ተነገረ፤ ለባላገሩ የሚነገረው ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጁ፣ ስለ መሬቱ ነው።

ደፋር ብዕር፦
ይህችን እቀበላለሁ። አሁን ያሉ መሪዎች ቢሆኑ የውሉን አንቀጽ በቴሌቪዥን ሦስት ሰዓት ያነቡልን ነበር።

ዋርካ ሥር፦
«እግዚአብሔር የወሰነልንን የባሕር በር አልፎ» የሚለውንስ ማን ይፈታዋል? ዛሬ ይህች ሐረግ ትልቅ ነገር አላት…

ቤት ጠባቂ፦
ዋርካ፣ የዛሬውን ወሬ ለሌላ ቤት እንተወው፤ ባለፈው በዚሁ ሦስት ቀን ተሰዳድበናል። ቃሉን ብቻ።

ብራና፦
ቃሉን ብቻ ካላችሁ፣ «የወሰነልን» ላይ ወሰን አለ፤ ድንበር ያደረገልን ማለት ነው። ባሕሩን እንደ አጥር ነው የሚያዩት። አለቀ።

አለላ፦
ይልቅ ወደ «ወስልተህ» እንመለስ፤ ሰንደዶ የጠየቀችው እሱን ነው።

ብራና፦
ወሰለተ ማለት አደራ አጎደለ፣ የሚጠበቅበትን በተንኮል ሸሸ ማለት ነው። ሥራ ላይ የሚለግም፣ ዘመቻ ሲጠራ ታምሜያለሁ ብሎ የሚተኛ ወስላታ ነው። የዛሬው በሚስቱ ላይ የሚሄደውም አደራ ያጎደለ ስለሆነ ነው ስሙን የወረሰው። ልጆቹ አልተሳሳቱም፤ አንዱን ቅርንጫፍ ብቻ ነው የሚያውቁት።

አሁን ቀጥሎ ያለውን እዩልኝ፦ «ወስልተህ የቀረህ ግን ኋላ ትጣላኛለህ፤ አልተውህም። ማርያምን! ለዚህ አማላጅ የለኝም።» ከአዋጁ ሁሉ የተሠራው ሥራ እዚህ ላይ ነው።

«ትጣላኛለህ» ሲሉ «እገድልሃለሁ»፣ «እቀጣሃለሁ» አላሉም። መጣላት በሚተዋወቁ መካከል ነው፤ ከባዕድ ጋር አይጣሉም። ግሡ ግን «ጠላት» ከሚለው ቃል ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ ጠላ፣ ጠላት፣ ተጣላ። ከጥቂት መስመር በፊት ባሕሩን አልፎ የመጣው «ጠላት» ተብሏል። አሁን ደግሞ ቤቱ የቀረው «ይጣላኛል»። በስሙ ጠላት አላሉትም፤ ግን ከዚያው ሥር በተቀዳ ግሥ አጠገቡ አስቀመጡት። አዋጁን የሰማ ሰው ይህን ሰዋስው ሳይቆጥር በጆሮው ያውቀዋል።

«አማላጅ የለኝም» ደግሞ የተለመደውን መውጫ መዝጋት ነው። ያን ጊዜ ንጉሥ የተቆጣው ሰው ሽማግሌ ይልካል፣ ካህን ይልካል፣ ድንጋይ ተሸክሞ እግር ላይ ይወድቃል፤ ብዙ ጊዜም ይማራል። ስለዚህ ወስላታው «ኋላ አማላጅ እልካለሁ» ብሎ ነው የሚቀረው። «የለህም» ሳይሆን «የለኝም» ማለታቸውም ለዚህ ነው፤ አንተ አማላጅ ታጣለህ ሳይሆን እኔ የምሰማው አማላጅ የለኝም። መሐላውስ በማን ነው? በማርያም። ለኦርቶዶክሱ አማላጅቱ ራሷ ማርያም ናት። በአማላጅቱ ስም «አማላጅ አልቀበልም» ብሎ መማል! ከዚህ በላይ የተቆለፈ በር አላውቅም።

«ማርያምን» ላይ ያለችው ን ደግሞ የመሐላ ን ናት፤ «እግዜርን»፣ «ኪዳነ ምሕረትን» እንደምንለው። ግሡ አይነገርም፤ ሰሚው ይሞላዋል።

ሰንደዶ፦
ጋሼ ብራና፣ ክፍሌ ውስጥ ቢገኙልኝ ምን ነበር! ግን ይሄ ቁጣ ካለ፣ ከላይ ያለው ልስላሴ ምንድን ነው? «ካሁን ቀደም የበደልኩህ አይመስለኝም፤ አንተም እስካሁን አላስቀየምከኝም» የሚለው።

ብራና፦
ልስላሴ አይደለም፤ ሂሳብ ማጥራት ነው። «አላስቀየምከኝም» ውስጥ ቂም አለ፤ ቂም አላስያዝከኝም ማለት ነው። በሰው ፊት ቆሞ አደራ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ «በመካከላችን ያለፈ ነገር አለ ወይ?» ይላል። «አይመስለኝም» የምትለዋ ደግሞ ትልቅ ቃል ናት። «አልበደልኩህም» ቢሉ ማስተባበል ይሆን ነበር። «አይመስለኝም» ሲሉ ሰሚው «እውነት ነው» ወይም «ኧረ በድለኸኛል» እንዲል ቦታ ተዉለት። የተበደለው ሰው አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ በዚያ ዘመን ግብሩም ወታደሩን መቀለቡም ገበሬውን ምን ያህል ያጎብጠው እንደነበር ይታወቃል። ከዐዲስ ግዛቶች የተጠሩት ሰዎች ይህችን ዓረፍተ ነገር እንዴት እንደሰሟት ሌላ ጥያቄ ነው፤ ለሁሉም እኩል ጣፍጣ ነበር አልልም። ነገር ግን በውጭ ጠላት ፊት ሕዝቡን የሚጠራ መሪ «ጠላት መጣ» ብሎ ብቻ ሳይጀምር የራሱንና የሕዝቡን ሂሳብ አንሥቶ መናገሩ፣ እኔ እስከማውቀው ድረስ በአዋጆቻችን የተለመደ አይደለም።

ደፋር ብዕር፦
እስቲ ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ቃል ላንሣ። ጣልያን ዳግመኛ ሲወረን አጼ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ 24 ቀን በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። ቤተ መንግሥት «ስደት» አለው፤ ጫካ የገባው ደግሞ «ሽሽት» ይለው ነበር። የትኛው ነው ትክክል? አጼ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ፣ አጼ ዮሐንስ መተማ ላይ ነው የሞቱት፤ ለባላገሩ ንጉሥ ማለት ያ ነበር።

ብራና፦
ቃሉ ፍርድ ነው፤ የምትመርጠው ቃል ፍርድህን ይናገራል። ስደት የተገፋ ሰው ነው፤ ጌታም ወደ ግብፅ ተሰዷል፣ ስለዚህ ክብር አለበት። ሽሽት የፈራ ሰው ነው። መማክርቱ ይሂዱ ብሎ በብዛት ተስማማ፤ ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ግን በግልጽ ተቃወመ። እኔ እንደሚመስለኝ ሄደውም ሥራ ሠሩ፤ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ የጣልያን ጋዜጠኞች እያፏጩባቸው በአማርኛ ያደረጉት ንግግር ዛሬም ይጠቀሳል። ነገር ግን አምስት ዓመት ዱር ያደረው አርበኛ «ስደት» የሚለውን ቃል ሲሰማ ቢያመው አልፈርድበትም። ከ1933 በኋላ ሹመት ሲታደል «አርበኛ»፣ «ስደተኛ»፣ «ባንዳ» የሚሉት ሦስቱ ስሞች ስንት ወዳጅ አጣሉ! ባንዳ ራሱ የጣልያንኛ ቃል ነው፤ ለእነሱ አገሬውን አሰልፈው የሚያዋጉበት የጦር ክፍል ስም ነበር፤ እኛ ነን የከዳተኛ ስም ያደረግነው።

አለላ፦
ይህ ክር ወደ 1928 ከሄደ አይመለስም። ሌላ እንክፈትለት ይሆን?

ቤት ጠባቂ፦
ይከፈት። እዚህ ግን የቀረ ጥያቄ ካለ እንጨርስ።

ሰንደዶ፦
አንዲት ብቻ። መጨረሻው ላይ «የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ድረስ ወረይሉ ከተህ ላግኝህ» ይላል። «ከተህ» ከከተማ ጋር ይገናኛል? «ክተት»ስ ትእዛዝ ነው ወይስ ስም?

ብራና፦
ከከተማ ጋር አታገናኚው። ከተማ ከከተመ ነው፣ ሰፈረ ከሚለው። ከተህ ግን ከከተተ ነው፤ ሙሉው ከትተህ ነው፣ ስለዚህ ተ ጠብቃ ትነበብ። ኪሱ ከተተ እንደምንለው፣ ጠቅልሎ አስገባ ማለት ነው፤ ለጦር ሲሆን ደግሞ ሰው ራሱን ጠቅልሎ ወደ ዘመቻው መግባቱ ነው። «ክተት ሠራዊት፣ ምታ ነጋሪት» ሲባል ክተትም ምታም ትእዛዝ ናቸው። «ክተት ታወጀ» ስንል ግን ስም ሆኗል። ነጋሪትም እንደዚሁ ከከበሮነት ተነሥቶ በ1934 ዓ.ም. የሕግ ጋዜጣ ስም ሆኖ ቀርቷል፤ የመሠረቱ ግሥ ነገረ ነውና ቦታውን አልሳተም።

የጥቅምት እኩሌታ የጥቅምት አጋማሽ ነው። ከመስከረም 7 እስከዚያ አንድ ወር ከሳምንት ይሆናል፤ ክረምቱ ወጥቶ፣ ወንዙ ጎድሎ፣ ሰው ስንቁን አሰናድቶ እስኪደርስ የተቆረጠ ቀን ነው። «ላግኝህ» የምትለዋን ግን ለልጆቹ «ና» ብለሽ አትተርጉሚላቸው። እዚያ ስደርስ አገኝሃለሁ ማለት ነው፤ ተናጋሪውም እዚያው ለመገኘት ቃል እየሰጠ ነው። በጥቅምት መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ተነሥተዋል።